እሳት የማን ድርሻ ነው?

አማቴ ይሙቱ፣ ይህ የምነግራችሁ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አማቱን የማይወድ ሰው በአማቱ ቢምል ዋጋ የለውም፤ እኔ ግን እወዳቸዋለሁ። ያውም ታሪኩ የእሳቸው ስለሆነ፣ ብዋሽ መጀመሪያ የሚያገኘው እሳቸውን ነው። በመሐላዬ ያልረካ ሰው የእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ገብቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል ይመልከት። በጣም ጠጋ ብሎ አይመልከት እንጂ።

ሥራችን የጥንት ሮማውያንን መሳል ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የነበሩ ትልልቅ የጣሊያን ሠዓሊዎች፣ ከእነሱም ብዙ ቀድመው የኖሩትን የሮማ ሰዎች ሳሉ፤ እኛ ደግሞ እነዚያን ሥዕሎች ከፎቶ ላይ እያየን በእጃችን፣ በዘይት ቀለም፣ ሸራ ላይ እንገለብጣለን። እንግዲህ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ሮማዊ ሁለት ጊዜ ሞቶ ሁለት ጊዜ የተነሣ ነው፤ ፊቱ ላይ ትንሽ ድካም ቢታይ አይፈረድበትም። ደንበኞቻችን ሆቴሎች፣ ባንኮች፣ አዲስ ቤት የሠሩ ነጋዴዎች ናቸው። አንድ የጥርስ ሐኪም ቄሣር በጩቤ ሲወጋ የሚያሳየውን ገዝቶ በሽተኞች ተራ የሚጠብቁበት ክፍል ሰቅሎታል። እሱን እያዩ ቆይተው ሲገቡ የማደንዘዣው መርፌ ቁም ነገር አይመስላቸውም አሉ።

አንድን ሥዕል አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም። ይህን ካልያዛችሁልኝ የቀረው አይገባችሁም። ሸራው በረድፍ ከቆሙት ማቆሚያዎች ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል፤ እያንዳንዳችን የየራሳችን ድርሻ አለን፣ ስማችንም ድርሻችን ነው። ሰማይ የሚሠራው ሰማይ ይባላል። ሮማውያን ሲጋፉ ቦታውን ስለሚይዙበት ቀኑን ሙሉ እንደተነጫነጨ ይውላል። ፈረስ የሚሠራው ፈረስ ነው፤ በሕይወቱ ግን እውነተኛ ፈረስ ሲያይ መንገድ ይሻገራል። ልብስና መጋረጃ የሚሠራው ጨርቅ ነው። ፊት የምትሠራዋ ፊት ትባላለች። ነፍሰ ገዳይ በመጣ ቁጥር የፈታችውን ባሏን ነው የምትስለው፤ ሰውየው በየባንኩ ግድግዳ ላይ ስንት ንጉሥ እንደገደለ አያውቅም። እኔ እግር ነኝ። የሮማ ሰው ጫማው ክፍት፣ ሱሪውም የሌለ ስለሆነ ሥራ አጥቼ አላውቅም። አንድ የድል ሰልፍ ከመጣ ስንት የእግር ጣት እንዳለበት እናንተው አስቡት። ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ሄጃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አላውቀውም። የእግር ጣት ግን አውቃለሁ።

የአለቃችን ሕግ አንድ ነው፤ ማንም የማንንም ድርሻ አይነካም። ሕጉ የመጣው ፈረስ አንድ ቀን እጁን በልቶት ሰማዩ ላይ አንዲት ወፍ ጨምሮ ስለተገኘ ነው። ሰማይና ፈረስ ዛሬም ሰላምታ የሚለዋወጡት በሰው በኩል ነው።

አማቴ እጅ ናቸው። እኛ ስንጠራቸው አባባ እጅ እንላለን። የሚምል እጅ፣ የሚለምን እጅ፣ ጩቤ ከልብሱ ሥር የደበቀ እጅ፣ ሁሉንም ይሠሩታል፤ ወይም ይሠሩት ነበር። እኔን ለሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ልጃቸውንም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ግን «የሰጠኝ ማንም የለም፣ ራሴ ነኝ የመጣሁት» ትላለች፤ እዚህ ላይ አልከራከርም።

ነገሩ በሻይ ጀመረ። አባባ ብርጭቆውን ሲያነሡ ሻዩ ማስቀመጫው ላይ ይፈስ ጀመር። ቀጥሎ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው መያዝ አመጡ። ብሩሽ ግን በሁለት እጅ አይያዝም። ሠዓሊ እጁን የሚያሳርፍበትን የመደገፊያ ዘንግ ሸራው ላይ አስደግፈው፣ የእጃቸውን አንጓ በአንገት ልብሳቸው ከዘንጉ ጋር አስረው ይሠሩ ነበር፤ ስንጠይቃቸው «በርዶኛል» ይሉናል። ከዚያ አንድ ሆቴል ሥዕል መለሰብን። ሥዕሉ ላይ ከሮማ ሸንጎ ሽማግሌዎች አንዱ እጁን አንሥቶ ሲምል ጣቶቹ ሰባት ይመስሉ ነበር። ቆየት ብሎ ሌላም ተመለሰ።

አለቃችን ወደ አባባ ማቆሚያ መጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባባ እጅ፣ እርስዎ ለኔ እንደ አባቴ ነዎት።»

እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው የሚጨርሰው ጥሩ ቦታ አይደለም።

«አባትህ ምን አጠፋ?» አሉ አባባ።

«ምንም። ግን አንድ ሥዕል ተጨምሮ ከተመለሰ ቤትዎ ቢያርፉ ይሻላል። ዕድሜ ልክዎን ሠርተዋል፤ ማረፍ ይገባዎታል።»

«እኔ ማረፍ አልችልበትም፣ ልጄ። ሞክሬው አላውቅም።»

«ይለመዳል» አለ አለቃችንና ሄደ።

ለሚስቴ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። «አባዬ ቤት ዋለ ማለት የድስቱ ክዳን ሳይቀር በእሱ ትእዛዝ ይከደናል ማለት ነው» አለችኝ። ከዚያ ሳቋን አቁማ ሳህኑን አንድ ቦታ ላይ ደጋግማ አጠበችው። «አንተ፣ እሱ ብሩሽ ከተነጠቀ ምን ሆኖ ነው ጠዋት የሚነሣው?» አለችኝ። «አንተ መቼም ለተንኮል አታንስም፤ አንድ ነገር አድርግ» አለችኝ። ሚስቴ ተንኮሌን እንደ ሙያ ቆጥራ ሥራ ስትሰጠኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

የእሳት አደጋ ጣቢያው አዛዥ የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። ቁመናው መሰላል ነው፤ በር ሲያልፍ ጎንበስ ይላል፣ ሲገባ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው መውጫው የት እንደሆነ ነው። ለአዲሱ አዳራሻችን ትልቅ ሥዕል እፈልጋለሁ አለ። አለቃችን የፎቶ መጽሐፉን ዘርግቶ ያገላብጥለት ጀመር።

«እሳት ያለበት የላችሁም?» አለ አዛዡ።

አለቃችን ፈልጎ አንድ አገኘ። አንድ ወጣት በጠላት ንጉሥ ፊት ቆሞ ቀኝ እጁን እሳት ውስጥ ከቷል። አለቃችን ታሪክ ሲተርክ ስለሚያንቀላፋ እኔ ተጠራሁ።

«ጌታዬ፣ ይህ ልጅ ሙክዮስ ይባላል» አልኩት። «ንጉሡ ከተማቸውን ሮምን ከቦ ምግብ ከለከላቸው። ልጁ ንጉሡን ሊገድል ብቻውን ሰፈሩ ውስጥ ገባ፤ ግን የንጉሡን መልክ አያውቅም። ጥሩ የለበሰ ሰው አየና ወጋው፤ ጸሐፊው ሆኖ ተገኘ።»

«ሳያጣራ?»

«ሳያጣራ። ተያዘ። ንጉሡ በእሳት ላቃጥልህ ነው ብሎ ሊያስፈራራው ሲል፣ ልጁ ራሱ እጁን እሳቱ ውስጥ ከትቶ ዝም ብሎ አየው። ጣቱ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ንጉሡ ይህን ሲያይ ወኔው ከዳው፤ ልጁን ለቀቀው፣ ኋላም ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ።»

አዛዡ ፎቶውን ረጅም ጊዜ ተመለከተ። «ጓንት አላደረገም» አለ። ቀጥሎ «በሉ፣ ይህን ሥሩልኝ። ለአዳዲስ ሠራተኞች ማስተማሪያ ይሆናል» አለ። ምኑን እንደሚያስተምርበት አልጠየቅነውም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደው። በዚህ ሥዕል ውስጥ ንጉሡም፣ ወታደሩም፣ ድንኳኑም ያጀቡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ የማይንቀጠቀጥ እጅ። የሚሠሩት ደግሞ አባባ ናቸው።

አለቃችን ፎቶውን በመብራት ሸራው ላይ አጉልቶ ዙሪያ ዙሪያውን በእርሳስ አወጣ፤ ከዚያ ሸራው መዞር ጀመረ። ሰማይ ከድንኳኑ በላይ የተረፈችውን ጥግ እየረገመ ሠራ። ፈረስ ከኋላ አንድ የፈረስ ጆሮ ብቻ ደርሶት ተከፋ። ጨርቅ ድንኳኑን ጨረሰ። ፊት ባሏን ጸሐፊው ላይ አደረገችው፤ መሬት ላይ ተዘርሮ ስላየችው ቀኑን ሙሉ ታፏጭ ነበር። እኔ እግሮቼን ጨረስኩ። ሸራው አባባ ዘንድ ደርሶ ቆመ።

አባባ የንጉሡን እጅ እንደምንም ሠሩ፤ በመጎናጸፊያው ግማሹ ስለተሸፈነ ብዙም አያስታውቅም። የወታደሩም ጦር ይዟልና ተድበስብሶ አለፈ። የልጁን እጅ ግን «ነገ» እያሉ አቆዩት። አዛዡ ሥራው የት እንደደረሰ ሊያይ በሚመጣበት ቀን ጠዋት አንጓቸውን ከዘንጉ ጋር አሥረው ጀመሩ። ማንም ወደዚያ አልተመለከተም። በእኛ ሥራ ቤት ሰውን ላለማየት የሚደረግ ጥረት ድምፅ አለው፤ ሁሉም ብሩሹን ከሚገባው በላይ ያጥባል።

ለምሳ ልንወጣ ስንል አየሁት። ከልጁ አንጓ በታች ያለው እጅ ሳይሆን ጭጋግ ነበር። አባባም አዩት። ቡቱቶ ቀለም ማስለቀቂያ ተርፔንታይን ውስጥ ነክረው፣ እጁን ከነእርሳስ መስመሩ ጠርገው አጠፉት፤ ከዚያ የአንገት ልብሳቸውን ከዘንጉ ፈትተው ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ። አለቃችን ምሳ ሊበላ ወጥቷል። ሌሎቹም ወጡ።

እኔ ብሩሼን ይዤ ሸራው ፊት ቆምኩ።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ጣት ጣት ነው፤ በእግርም አምስት፣ በእጅም አምስት። ፎቶውን አየሁ፣ ቀለሙን ደባለቅሁ፣ ፈጠን ፈጠን ብዬ ሠራሁ። እጄ እንደ ልማዱ ነው የሄደው። ጨርሼ ወደ ኋላ ስል ልጁ በንጉሡ ፊት ቆሞ፣ ክንዱን በኩራት ዘርግቶ፣ ጫፉ ላይ ጥሩ የግራ እግር ይዟል። አውራ ጣቱ ወፈር ያለ፣ ትንሿ ጣት እንደ ደንቧ ወደ ውስጥ የታጠፈች፣ ጥፍሮቹ በሥርዓት የተቆረጡ። ከኋላ ተረከዝ ነገርም ነበረው። እውነቱን ለመናገር ከሠራኋቸው እግሮች ሁሉ የሚያምር ነበር።

ለማጥፋት ቡቱቶ ሳነሣ ፊት ገባች። ከኋላዋ ሰማይ፣ ፈረስና ጨርቅ አሉ። ፊት ወገቧን ይዛ ቆመች።

«አንተ እግር፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እጅ ነው።»

«ታዲያ ጫማው የት አለ? ብርድ ይገባዋል እኮ!»

ጨርቅ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፈረስ «እኔ አንዲት ወፍ ብጨምር ያን ሁሉ ጮኻችሁብኝ» አለ። ፊት ግን መሳቋን ትታ ወደ ሸራው ጠጋ አለች።

«ቆይ፣ እግሩስ ይሁን» አለች፤ «እሳቱ የታለ?»

ሁላችንም አየን። ከልጁ እጅ፣ ይቅርታ፣ ከልጁ እግር ሥር የመሠዊያው ድንጋይ አለ፤ ከድንጋዩ በላይ ነጭ ሸራ ብቻ። እሳት ዳርቻ ስለሌለው አለቃችን በእርሳስ አላወጣውም። እኛም በየተራ ስናልፍ የሌላ ሰው ድርሻ ነው ብለን አልፈነዋል።

«ሰማይ፣ ያንተ አይደለም?»

«እሳት ሰማይ ላይ አይተሽ ታውቂያለሽ? የጨርቅ ነው፤ ይወዛወዛል።»

«እሳት የጨርቅ ቢሆን ተቃጥዬ ባለቅሁ» አለ ጨርቅ። «ፊት፣ አንቺው ሥሪው፤ ስትቆጪ ፊትሽ እሳት ይመስላል።»

«የባልሽን ቤት በእሳት የሞላሽው አንቺ አይደለሽ?» አለ ፈረስ ደግሞ። ፊት ብሩሽ ወረወረችበት።

በዚህ መሐል አለቃችን አዛዡን አስከትሎ ገባ። የእሳት አደጋ ሰው ሁልጊዜ ከሰዓቱ ቀድሞ ነው የሚደርሰው፤ ይህን ማሰብ ነበረብን። አለቃችን ሸራውን አየ፤ ፊቱ የዚያ የተወጋው ጸሐፊ ፊት ሆነ። አዛዡ ግን እግሩን ገና አላየውም።

«እሳቱ የታለ?» አለ። «እኔ የመጣሁት ለእሳቱ ነው።»

አባባ ድምፅ ሰምተው ከግቢው ገቡ። ሸራውን አዩ። ልጁ የያዘውን እግር አዩ። ቀጥሎ የእኔን ብሩሽ፣ ከዚያም ዓይኔን አዩ። እኔ የጣራውን መብራት እመለከት ነበር።

«አባባ እጅ» አለ አለቃችን፣ ድምፁ ቀጭን ሆኖ፣ «ይህ የእርስዎ ሥራ ነው?»

የኔ አይደለም ቢሉ የሰው ድርሻ ነክቻለሁና በዚያው ቀን እባረራለሁ። የኔ ነው ቢሉ እሳቸው ናቸው የሚሄዱት። አባባ ምንም ሳይቸኩሉ የአንገት ልብሳቸውን ጥግ ላይ አስቀመጡ።

«የኔ ነው» አሉ። «ግን ገና አላለቀም። ዞር በሉልኝ።»

የመደገፊያውን ዘንግ አልያዙም። አንጓቸውንም አላሰሩም። ሰማይ ደመና የሚሞላበትን ትልቁን ብሩሽ ከእጁ ተቀበሉት፤ ሰማይም ለምን እንደሰጣቸው ሳያውቅ ሰጠ። ቢጫ ነከሩ፣ ቀይ ነከሩ፣ ብሩሹን ድንጋዩ ላይ አሳረፉና ወደ ላይ ጎተቱት። እጃቸው እንደ ልማዱ ተንቀጠቀጠ። ነጩ ሸራ ላይ የእሳት ምላስ ወጣ። ሌላም ጎተቱ፤ ሌላም ወጣ። የሚንቀጠቀጥ እጅ መስመር መሥራት አይችልም፤ እሳት ደግሞ መስመር የለውም። በዚያ ክፍል ውስጥ ካለነው፣ እጁ ቀጥ ያለ ማንም ሰው ያን ሊሠራው አይችልም ነበር።

አዛዡ ቀስ በቀስ ወደፊት መጣ። «ከሥሩ ሰማያዊ ይግባበት» አለ። «እሳት ከሥሩ ሰማያዊ ነው።»

«ፊት፣ ሰማያዊ» አሉ አባባ። ፊት ሮጣ አቀበለቻቸው።

«ነፋሱ ከየት ነው?» አለ አዛዡ።

«ከግራ።»

«ታዲያ ወደ ቀኝ ይዘንበል። እንዲህ ቀጥ ብሎ አይወጣም። አዎ… አዎ፣ እንዲህ! አሁን ቁመት ይጨምር!» አዛዡ ኮፍያውን አውልቆ ነበር። አለቃችን በሩ ላይ ቆሞ ይተነፍሳል።

እሳቱ ወጣ፣ ወጣ፣ የእኔ እግር ጋ ደረሰ። ቀለሜ ገና እርጥብ ስለነበር ከእሳቱ ጋር ተደባልቆ ጭስ ሆነ፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ ነበልባሉ ውስጥ ገቡ። ትንሿ ጣት ቀድማ ጠፋች። አውራ ጣቱ መጨረሻ ላይ ቀረ። አባባ እሱ ጋ ሲደርሱ ብሩሹን አቁመው ትንሽ ጫፉን ተዉለት። ለምን እንደተዉት አልገባኝም ነበር።

አዛዡ በዚያን ጊዜ አንዴ ወደ ኋላ ተፈናጠረ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የውሃ ብርጭቆ አነሣና ሸራው ላይ ደፋው። ልማድ ነው፣ አይፈረድበትም። ውሃው በዘይት ቀለሙ ላይ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እሳቱ ምንም አልሆነም።

«ይቅርታ» አለ አዛዡ፣ ብርጭቆውን ቦታው እየመለሰ። ከዚያ የአባባን እጅ ለመጨበጥ እጁን ዘረጋ። አባባ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን ሰጡት። አዛዡ ይዞት ቆየ። «እኛም ከትልቅ እሳት ስንወጣ እንዲህ ያደርገናል» አለ። «ቆይቶ ይለቃል።» አባባ እንደማይለቅ አልነገሩትም።

እሱ ከሄደ በኋላ አለቃችን ሸራው ፊት ብዙ ቆመ። እግሬን የሚፈልግ መሰለኝ።

«እሳት የማን ድርሻ ነው?» አለ በመጨረሻ።

ሁላችንም ወደየብሩሾቻችን አጎነበስን።

«የማንም ካልሆነ የኔ ነው» አሉ አባባ፣ ብሩሹን በተርፔንታይን እያጠቡ።

«እጅስ?»

«እጅ ይብቃኝ።» ድምፃቸው ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ድምፅ ነበር።

«እኔ ልሠራ እችላለሁ» አልኩ።

«አንተ?» አለ አለቃችን፣ ዞር ብሎ እያየኝ። «አንተ እግርህን ሰብስብ!» ምን ያህል እንዳወቀ ዛሬም አላውቅም። የእጅን ድርሻ ለፊት ሰጣት። አሁን የሮማ ነፍሰ ገዳዮች ሁሉ የባሏን መልክ ብቻ ሳይሆን የባሏንም እጅ ይዘዋል።

በአውቶቡስ ወደ ቤት ስንመለስ አባባ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በመስኮቱ ያዩ ነበር። እጃቸው ብቻውን ይንቀጠቀጣል፤ እንደማያውቁት ሰው ትተውታል። ብዙ ከሄድን በኋላ «አውራ ጣቱ ጥሩ ነበር» አሉኝ።

«አመሰግናለሁ፣ አባባ።»

«ለእግር ማለቴ ነው።»

ሚስቴ በሩን ስትከፍት የአባቷን እጅጌ አየች፤ እስከ ክርናቸው ድረስ ቢጫና ቀይ ነበር። ምንም ሳትጠይቅ ሳሙና አቀበለቻቸው። ከዚያ ወዲያ አለቃችን የፎቶ መጽሐፉን ሲያገላብጥ እሳት ያለበትን ነው የሚፈልገው። ደግነቱ ሮም ብዙ ተቃጥላለች። እኛም አባባ እሳት እንላቸዋለን፤ ሻያቸውን አሁንም በሁለት እጃቸው ነው የሚጠጡት።

እንግዲህ በአማቴ ምያለሁና አንድ ነገር ማስተካከል አለብኝ። የውሃውን ነገር ታሪኩ ላይ እኔ ነኝ የጨመርኩት። አዛዡ ወደ ኋላ መፈናጠሩ እውነት ነው፤ ብርጭቆውንም አንሥቷል፤ ግን ጉሮሮው ደርቆ ነበርና ጠጣው። ሌላው ሁሉ እንዳልኳችሁ ነው። እግሩ አሁንም እሳቱ ሥር አለ፤ የአውራ ጣቱ ጫፍ ግን ጠጋ ላለ ሰው ይታያል።